በስልክ ውስጥ ያስቀረሁሽ አዬዮ

ውድ እማማ ኑርቶ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጅሽ ኢድል እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ኢድልዬ፣ አያቴን ይከብዳታል ብለሽ አንዲት መስመር እንዳትዘይ፤ እኔም ሳልዘል ልጽፍ ነው። ደሴ ተወልዳ ያደገችው እናቴ ብታየኝ፣ ለትልቅ ሰው አንቺ ብለሽ ትጽፊያለሽ ወይ ብላ ትቆጣኝ ነበር። ግን ድሬ ላይ ማን ማንን አንቱ ይላል? አንቱ ብልሽ ምን አስቀይሜሽ ነው የራቅሽኝ ትዪኛለሽ።

መደወል አቅቶኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጤናሽና ስለ ሙቀቱ ጠይቄ ዘግቻለሁ። ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ስልክ በመካከላችን የሠራው ሥራ ይበቃል።

ኑኃሚን የአራት ወር ልጅ ሳለች ወደ ሥራ ስመለስ፣ "እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ አምጫት" ብለሽ የተቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ግቢያችን አንድ፣ ግድግዳችን አንድ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሰጥሻለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ የምሠራበት የጉምሩክ ትራንዚተር ቢሮ ሲዘጋ በባጃጅ እየበረርኩ እመጣለሁ። ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚተኛበት ያ ሰዓት ብቻ ነበር የኔና የልጄ። እኔ ስደርስ ግን እንቅልፍ ወስዷት አገኛታለሁ። ጉንጯ ድሪያ ቀሚስሽ ላይ ተለጥፎ፣ አንቺ በሶማልኛ እያንጎራጎርሽ፣ በእጅሽ ቀስ በይ እያልሽኝ።

ቀናሁ፣ እማማ ኑርቶ። ሌላ ስም የለውም። እኔ ሳልደርስ ልታስተኚያት የምትጣደፊ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን፣ ከእንግዲህ እኔ ሳልመጣ እንዳታስተኚያት ብዬ ቆጣ ስል፣ ፊቴን አየት አድርገሽ እሺ ብቻ አልሽኝ። በኔ እጅ ግን አልተኛ አለች። ታቅፌያት ክፍሏን ስዞር የዕረፍቱ ሰዓት ያልቃል፣ እሷ ግድግዳውን በመዳፏ እየመታች "አዬዮ! አዬዮ!" ትላለች። እኔን እናቷን አይደለም የምትጠራው፣ አንቺን ነው፤ ያውም በሶማልኛ አያቴ እያለች።

ስታንጎራጉሪ በቪዲዮ የቀረጽኩሽ ያኔ ነው። ስልኬን ጆጉ ላይ አስደግፌ፣ ለማስታወሻ ነው፣ ስታድግ እናሳያታለን አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ሻሽሽን አስተካከልሽ። ውሸቴን ነበር። አንቺን ሳልጠራ በአንቺ ላስተኛት ፈልጌ ነው። በማግስቱ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንጎራጎርሽላት፣ ተኛች። እኔም አጠገቧ ጋደም ብዬ ሰው ያሸነፍኩ ይመስል ፈገግ አልኩ። ግድግዳው ስስ መሆኑን አላሰብኩም። አንቺ ወዲያ ማዶ ባዶ እጅሽን ተቀምጠሽ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት የራስሽን ድምፅ ትሰሚ ነበር። ልጅሽ ዋበሪ መልካ ጀብዱ ቤት ሠርቶ ሊወስድሽ ሲመጣም፣ እዚያ ሙቀቱ ይሻላል ብለሽ ሄድሽ። የመልካ ጀብዱ ሙቀት ከድሬ እንደማይሻል ሁላችንም እናውቃለን።

ከሄድሽ ወዲህ ቪዲዮው ሲያልቅ እየደገምኩ፣ እሱ ሲሰለቻት ካርቱን እየጨመርኩ፣ እንደገና ወደ አንቺ እየመለስኩ ዓመት አለፈ። ባትሪው ሲሞት ትነቃለች። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ያልተሞላ ቀን ለቅሶዋ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ላቅፋት ስሞክር ክንዴ ስክሪኑን ስለሚሸፍንባት ትገፋኛለች። ለካ ከአንቺ የነጠቅኳት ለራሴ አልነበረም።

ከዚያ ለኢድ ሐልዋ ይዘሽ መጣሽ። ያን ቀን እንዳልጽፈው ብዙ ሸሽቼዋለሁ። ዓይኗ ከበድ ሲላት ጭንሽ ላይ አስቀምጠሻት ማንጎራጎር ጀመርሽ። ኑኃሚን ፊትሽን በሁለት እጇ ገፍታ፣ "አንቺ አይደለሽም! የስልኳን አዬዮ ስጡኝ!" አለች። ልጅ ናት፣ ይቅር። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ለቅሶዋ እንዲቆም ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋት። አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ አንቺን ከፈትኩላት። ሁለታችሁም እኩል ማንጎራጎር ጀመራችሁ፣ ቀስ ብለሽ ያቆምሽው አንቺ ነሽ።

"ወላሂ ይቺኛዋ ከኔ ትበልጣለች፣ አትደክምም" ብለሽ ሳቅሽ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተነስተሽ ሄድሽ። በስምንት ሰዓት ፀሐይ ድሬ ላይ ሰው ከቤት እንደማይወጣ እያወቅሁ፣ ሙቀቱ ይብረድልሽ ብዬ እንኳ አላስቀረሁሽም። እንዳትነቃብኝ ፈርቼ በሩ ድረስም አልሸኘሁሽም።

ባለፈው ማክሰኞ ባለሱቋ ሻሚስ ዱቤዋን ልትጠይቀኝ ሳይሆን ኑኃሚን ሱቋ የረሳችውን ጫማ ልትመልስ ገብታ ቪዲዮው ሲጫወት ሰማች። ቆማ አዳመጠችና ምን እንደምትዪ አውቅ እንደሆን ጠየቀችኝ። እሹሩሩ ነው እንጂ ምን ይላል አልኳት። "እሹሩሩስ አይደለም" አለችኝ። "እንቅልፍን እየለመነችው ነው። እንቅልፍ ሆይ ትንሽ ቆይ፣ እናቷ በፀሐይ እየመጣች ነው፣ ልጅቷ ዓይኗን አይታ ትተኛ ነው የምትለው።"

ሻሚስ ከወጣች በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዓመት ተኩል በላይ በየቀኑ ለኔ ስትለምኚልኝ ከርመሽ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ምን እያልሽ ነው ብዬ አልጠየቅሁሽም። በሁለት ቋንቋ በሚገበያይ ከተማ ተወልጄ፣ የቲማቲም ዋጋ በሶማልኛ እየጠየቅሁ፣ ለልጄ የሚባለውን ሳልጠይቅ።

ከማክሰኞ ወዲህ ስልኩን ልከለክላት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተሸንፌያለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ስነጥቃት ለሁለተኛ ጊዜ አንቺን የምነጥቃት እየመሰለኝ መልሼ እሰጣታለሁ። ብቻዬን የምችለው ነገር አልሆነም።

ስለዚህ የፊታችን እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ኑኃሚንን ይዤ መልካ ጀብዱ እመጣለሁ። ስልኩን ቤት ቆልፌበት ነው የምመጣው። በሩን ባትከፍቺልኝ አይፈረድብሽም። ከከፈትሽልን ግን እንደምታለቅስ፣ ምናልባትም እንደ ኢዱ ቀን ፊትሽን እንደምትገፋ ከወዲሁ እወቂው። ያኔ አንቺ አይደለሽም ካለችሽ፣ እውነተኛዋ አዬዮ ይቺ ናት፣ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ ብዬ በፊትሽ እነግራታለሁ።

ይቅርታሽን የምትጠብቀው፣
ሰርካዲስ
ድሬዳዋ