ፍሪዘሩን እንዳትከፍት!

ኮማንደር፣

ፍሪዘሩን እንዳትከፍት! ከከፈትክም አትደንግጥ፤ ያ አራት እግር ያለው ብረት ከሞተሩ የሚወጣው የመኪናህ የጭስ ቱቦ ነው። ፈትቼ ውሃ ሞላሁትና አፎቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ወተፍኩ። ውሃው በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ የተጨረመተውን ከውስጥ ገፍቶ ያቃናዋል። ሳይንስ ነው፣ አትከራከረኝ።

«ጧ!» የሚል ነገር ከሰማህ ግን ሳይንሱን ተወውና ደውልልኝ።

አይስክሬምህ ቦታ ስላጣ በላሁት።
ስለ አይስክሬሙ ከልቤ ይቅርታ።

እስክመለስ መኪናዋን እንዳታስነሳ። ያለ ቱቦ ጩኸቷ ከሰፈር ያስባርረናል። ለማንኛውም ቁልፉን ይዤዋለሁ፤ አውቅሃለሁ።

ታክሲው ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልበል። ያን ቀን ጎማ ቀይርልኝ ስትለኝ፣ «ክሪኩን ከሥር የት ላድርገው?» ብዬ ጠይቄህ ነበር። አንተ ስልክ ላይ ሆነህ «የትም!» አልከኝ።
ትዝ ይልሃል?
እኔ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ ቱቦዬን ጨረመተው ያልከውን ድንጋይ ፍለጋ መንገዱን ሁሉ ስትራገም ከረምክ። በቃ ወንድሜ፣ አትድከም።

ድንጋዩን የትም አታገኘውም።