ሰው የሌለበት ማዕድ

ውድ ውሃ ልክ፣

«ጋለሪያችን በእድሳት ላይ በመሆኑ ሥዕሎቻችንን በአዲሱ ድረ ገጻችን ይጎብኙ። ሁሉም ሥዕሎች ለእጅ ስልክ እንዲመቹ ሆነው ተስተካክለዋል።»

ይህን የላካችሁልኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ «ውድ ቤተሰባችን» ብላችሁ። ቃል በቃል የገለበጥኩት በኋላ እንዲህ አላልንም እንዳትለኝ ነው። «ተስተካክለዋል» የምትለዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእህቴ ሥዕል፣ «ማዕድ»፣ ምኑ ጎድሎ ነው የተስተካከለው?

ድረ ገጽ የሚጠላ ሽማግሌ አድርገህ እንዳትስለኝ። የድሮው ድረ ገጻችሁ ገና ሲከፈት በሙዚቃ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ካለፈ የቆየ ዐውደ ርዕይ «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚል ነበር። ይታደስ ብዬ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ፈጣን ነው። ፊደሉ ይነበባል፣ የመክፈቻ ሰዓቱም ትክክል ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእህቴን ገጽ እስካይ ድረስ። እዚያ ያለው አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አንድ ባዶ ሳህን፣ ከዳር ደግሞ የጨው ዕቃ የያዙ የሕፃን ጣቶች ናቸው። ጣቶቹ የማን እንደሆኑ አይታይም። ጨው ለማን እየሄደ እንደሆነም አይታይም። ከሥሩ አንድ ጎብኚ «እንዴት ደስ የሚል እርጋታ» ብሎ ጽፏል።

የዚያን ቤት እርጋታ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ተማሪዎች ሳለን ለመጀመሪያ ጊዜ ራት ልትበላ የመጣህበትን ቀን አስታውስ። እናቴ በአንደኛው ጫፍ፣ አባቴ በሌላኛው።

«አባትሽን ጨው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» አለች እናቴ።

«እናትሽን አምጪው በያት» አለ አባቴ።

አንዱ የሌላውን ድምፅ በደንብ ይሰማል፤ ስለተኳረፉ ግን እህቴ በመካከላቸው ትመላለሳለች። ግራ ገብቶህ «ጋሼ፣ እኔ ላቀብልዎት» ብለህ ብድግ ስትል እህቴ በጆሮህ፣ «ተቀመጥ፣ እንጀራዬን አትንጠቀኝ» አለችህ። ሳቅህን ልትውጥ ስትታገል ሾርባው ትን አለህ። አባቴ ያን ቀን ብቻ ለእናቴ በቀጥታ ተናገረ። «ውሃ ስጪው እንጂ» አላት። እህቴ ለሳምንት ያህል «አንተ ብትታነቅልን ኖሮ ይታረቁ ነበር» እያለች አበሸቀችህ። ውሃ ልክ ብላ ስም ያወጣችልህም ያኔ ነው፤ ግድግዳችን ላይ የተንጋደደ ፎቶ አይተህ እህል አልወርድ ቢልህ፣ ተነስተህ አቃንተኸው ነበርና።

ትልቅ ሰው ሆና ያን ገበታ ስትስለው ሸራው በወርድ አራት ሜትር ወጣው። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ አይጠቀለልም፤ ከተከራየችው ክፍል በደረጃ አልወርድ አለ።

«ስትጀምሪው በሩን አላየሽም?» አልኳት ተናድጄ።

«ሳይ የነበረው እነሱን ነው» አለችኝ።

በመስኮት፣ በገመድ አወረድነው። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እሷ በጎን «ቀስ፣ ቀስ» እያለች አስፋልቱን ስናቋርጥ አንድ ባለ ታክሲ ቆመና «ወንድሞቼ፣ ግድግዳውን ከምታዞሩት ለምን ቤቱን ራሱ አታንቀሳቅሱትም?» አለን። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ ትከሻዬ ይከብደኛል፤ ደስ የሚል ክብደት ነው።

ጋለሪህ ስንደርስ ደግሞ ግድግዳው አጠረ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የጣውላ ግርዶሽ መሃል ላይ ተገትሯል። የጠራኸው አናጺ ለክቶ ሲያበቃ «ከዳርና ከዳር ትንሽ ብንቆርጠው ምን ይለዋል? ዋናው መሃሉ አይደል?» አለ። የእህቴ ፊት ዐመድ መሰለ። አንተ ግን እጅጌህን ሰብስበህ «ከዚህ ሥዕል አንድ ጣት ከሚነሳ ግርዶሹ ይነሳ» አልከው። አከራዩ እየዛተ፣ አንተ አቧራ በአቧራ ሆነህ፣ ጣውላው ወረደ። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ እህቴ «እኔ የሳልኩት ርቀቱን ነው። የገባው እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

እናቴ ሥዕሉን አይታው አታውቅም። «ጉዴን አደባባይ ሰቀለችው» ብላ ደጃፋችሁን ሳትረግጥ ቀረች። አባቴ ሲሞት፣ እህቴም ስትከተለው፣ የሥዕሉን ስም አላነሳችም። አሁን የዓይን ግፊት ይዟት ብርሃኗ እየጠበበ ነው፤ ሐኪሙም ጨርሶ እስክትታወር የቀራት ወራት ብቻ ነው ብሎናል። እሑድ ዕለት ድንገት «ያንን የልጄን ሥዕል አሳዩኝ» አለች። ጋለሪው ዝግ ነው፣ ሥዕሉም ተጠቅልሎ መጋዘን ገብቷል። ልጄ በስልኳ ድረ ገጹን ከፈተችላት። እኔም ያየሁት ያኔ፣ ከጀርባዋ ቆሜ ነው።

እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከዳር እስከ ዳር ፈለገች።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእናንተ ነዋ፣ እማማ» አለቻት ልጄ።

«የእኛ ከሆነ ሰዉ የታለ?»

እሷው መለሰችው። «ከገበታው አውጥታኛለች። እንዳፈርኩባት አውቃ ነው ያወጣችኝ። አባቷንም በእኔ ጦስ።»

ሥዕሉ ሙሉ ነው፣ የቆረጡት እነሱ ናቸው ብላት «ለእኔ ብለህ ነው፣ ተወው» ብላ ስልኩን መለሰች። ከሞተች ልጇ የተላከ መልስ አድርጋ ይዛዋለች። የድሮው መጽሔታችሁ ላይ ያለው ሙሉ ፎቶ ቴምብር ነው የሚያህለው፤ እኔ እንኳ በመነጽር የማየው አይደለም።

በማግስቱ ድረ ገጹን ለሠራችው ባለሙያ ደወልኩ። ጨዋ ናት።

«ጋሼ፣ ስልክ የሚያዘው በቁመት ነው። ሥዕሉ ደግሞ በወርድ ነው የሄደው። ሙሉውን ሳስገባው ክር መሰለ» አለችኝ።

«ታዲያ ሰው ስልኩን ያጋድመዋ።»

«ሰው አያጋድምም፣ ጋሼ።»

«በጣት እየተገፋ እንዲታይ ማድረግስ?»

«ይቻላል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን መሃሉን ቆርጬ ሳሳያቸው ‹ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይሂድ› አሉኝ።»

«ማን ናቸው ያሉሽ?»

«አለቃዬ ናቸዋ፤ የእርስዎ ጓደኛ።»

ሙሉውን ፎቶ ላኪልኝ ብላት ያለ አንተ ፈቃድ አይሆንም አለችኝ። ልክ ናት። አንተ ጋ ስደውል ስልክህ በራሱ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይለኛል። በድረ ገጹ ብጽፍ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ አብሮነትዎ እናመሰግናለን» የሚል መጣልኝ። ስለ የትኛው አብሮነቴ እንደሆነ አልተገለጸም።

ምናልባት ያን ሁሉ ሥዕል በአንድ ጠዋት ደርድረውልህ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያልክ አልፈኸው ይሆናል። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው እንጂ የአንተ ምክንያት ሊሆን አይችልም። አናጺው እንኳ መጋዙን ያስቀመጠው አንተን ፈርቶ ነው። ዛሬ እዚያ ቤት የሚፈራ ሰው ጠፋ? ስለ ራሴ አልከስህም፤ እኔ ሥዕሉ ላይ ጠረጴዛ ሥር ተደብቄያለሁ፣ ከጫማዬ በቀር የሚቆረጥ ነገር የለኝም። የምከስህ ሁለቱ ጫፎች ላይ ስለተቀመጡት ነው።

ሙሉው ሥዕል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት እየተገፋ የሚታይ ሆኖ ድረ ገጹ ላይ ይውጣ። ወርዱ አራት ሜትር እንደሆነም ከሥሩ ይጻፍ፤ ስልክ በራሱ ርቀት አያሳይም። እናቴ ጣቷን ከራሷ ወንበር አስነስታ፣ በልጇ በኩል አልፋ፣ አባቴ ጋ ትድረስ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያን ጠረጴዛ ዞራ ሄዳ አታውቅም።

እስከ የካቲት አሥራ አምስት ድረስ በእጅህ የጻፍከውና የፈረምክበት መልስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። የምስጋና መልእክት እንደ መልስ አልቆጥርም። ቀኑ ካለፈ እናቴን ደግፌ መጋዘኑ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሸራውን ወለሉ ላይ የምትዘረጋላትም አንተ ራስህ ትሆናለህ።

የሠዓሊዋ ወንድም