ተወግቶ የሚዘፍነው

ለወንድሜ ለኪዳኑ፤ ከቆሰበር፣ የካቲት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

እንዴት ከርመሃል? እኔም እናታችንም ተመስገን ደህና ነን።

የኪነት ቡድናችን በዘፈን ብቻ የሚሄድ ተውኔት እያሳየ ነው፤ እኔ ከተቀባዮቹ ነኝ። ገዳዩ ጎራዴውን ሟቹ ደረት ላይ ሲሰካው ቀይ ቀለም እስከ እግራችን ይረጫል። ሟቹ ግን ቆሞ ሦስት ስንኝ ይዘፍናል። እኛ አሥራ ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘን ከመገላገል ይልቅ እናጨበጭባለን። ደራሲውን «ሰው ተወግቶ ይዘፍናል?» ብለው፣ «ዜማው አላለቀማ» አለኝ። አንተና ፀጋው በመስኖው ውሃ የተጣላችሁ ቀን፣ እሱ እንኳን ሊዘፍን «እናቴን» ለማለትም አልደረሰም።

በመጨረሻ የሟቹ ወንድም የፍየል ጠጉር ጎፈሬ ደፍቶ ገዳዩን ያርደዋል፤ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። የፀጋው ታናሽ ወንድም ብቻ አይስቅም። ባሳየንባቸው ሦስት ቀናት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ነበር። የእሱ ጎፈሬ የራሱ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ መቀስ አልነካውም። ትናንት በር ላይ ጠብቆ፣ «ኪዳኑ ለፋሲካ ይመጣል?» አለኝ።

ለፋሲካ ያሰብንልህ በግ ታሟል፣ መንገዱም አይመችም፤ ጾሙን እዚያው ፍታ። መልስ ስትልክ ያለህበትን ከተማ ፖስታው ላይ አትጻፍ። እጅ ጽሑፍህን እናውቀዋለን።

መድኃኔዓለም ይሰውርህ።
እህትህ እመቤት