ስምንት ቅርንጫፍ ላይ የቆመው ዛፍ፦ የዶክተር ሙሉብርሃን ገሠሠ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ዶክተር ሙሉብርሃን ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ወልደአማኑኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ተክለሃይማኖት በደራ ከተማ ግንቦት 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲከፈት እዚያ ተቀጥረው ቤተሰቡን ይዘው ስለሄዱ፣ ያደጉት በሸንኮራ ማሳ መካከል ነው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በሳንባ ነቀርሳ ታመው ለወራት በየቀኑ መርፌ እንዲወጉ ታዘዘላቸው። ሻል ሲላቸው፣ ደኅና ሆኜ ምን ብዬ ልወጋ ብለው ተዉት፤ በ1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሉብርሃን ያኔ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። መድኃኒቱ እያለ የእናታቸው መሞት እስከ መጨረሻው ከሆዳቸው አልወጣም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ናዝሬት፣ የኬሚስትሪ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. ወደ ፕራግ ተላኩ። እዚያም አንድ ሐሳብ ይዟቸው ቀረ። አንዴ ተወግቶ ለብዙ ቀን የሚበቃ መድኃኒት እንዲኖር ፈለጉ። መድኃኒቱን የሚሸከመው በማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ፣ ዛፍ የመሰለ ሞለኪውል ነው፤ ግንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት ይከፈላል። በየጫፉ የታሰረው መድኃኒት ደም ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። ከስምንት በኋላ ግን ቅርንጫፎቹ እየተጠላለፉ አስቸገሯቸው። ዶክተር ሆነው በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ሲመለሱ ዛፉ ስምንት ላይ እንደቆመ ነበር።

የተመደቡት ሞጆ፣ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀን የቆዳ ማልፊያ ውሃ ይመረምራሉ፤ ማታ ናዝሬት በተከራዩት ክፍል ዛፋቸውን በሁለት ደብተር፣ በቀይና በሰማያዊ፣ ይሥላሉ። ሰማያዊውን ደብተር መልካሳ ለሚሠራው ታናሽ ወንድማቸው ለአቶ አብተው በአደራ ሰጡት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም እርሱ ነው።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ቀዩ ደብተር ክፍላቸው ውስጥ ተገኘ። በመስመር የተያያዙ ነጥቦችና ፊደላት የሞሉበት ስለነበር የኅቡዕ ድርጅት መዋቅር መሰለ። ግንዱ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ናይትሮጅን ነው ብለው መለሱ። ናይትሮጅን የሚኖረው የትኛው ቀበሌ እንደሆነም ተጠየቁ። ዛሬ ያስቃል፤ ያኔ ግን አሥራ አራት ወር አሳሰራቸው።

በሰኔ 1970 ዓ.ም. ሲፈቱ ሥራቸውን መለሱላቸው፤ ሰው ግን አልተመለሰላቸውም። በሞጆው አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገባቸው ያለው ወንበር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚሞላው። በራቸውን የሚያንኳኩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ብቻ ነበሩ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ጠያቂም አልመጣም። ወንድማቸውን ግን በመጣ ቁጥር ሰማያዊው ደብተር የት እንዳለ ይጠይቁት ነበር። መልካሳም አሰሳ መጥቶ ወሰዱት ይላቸው ነበር።

በ1978 ዓ.ም. አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ዛፍ መሥራታቸውን አነበቡ። የሚነግሩት ሌላ ሰው ስላልነበራቸው በአውቶቡስ መልካሳ ድረስ ሄደው ለወንድማቸው ነገሩት። ምሳ እየበሉ ደስ ብሏቸው አወሩ። ሲነሡ፣ ደብተሬ ቢኖር እኔ የተሳሳትኩት የቱ ላይ እንደሆነ አይ ነበር አሉ። ወንድማቸው ሸኝቷቸው ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት የካንሰር ሕመም ያዛቸው። ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ከቤተሰባቸው የቀረው አንድ ወንድም ብቻ ነው።

እርሱም ዛሬ በሬሳቸው ፊት እውነቱን ይናገራል። መልካሳ አሰሳ አልመጣም። እህቱ በታሰሩ በሦስተኛው ቀን ሰማያዊውን ደብተር በገዛ እጁ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ፈርቶ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ዋሻቸው።

ከማረፋቸው ከአምስት ቀን በፊት በመድኃኒት ካርዳቸው ጀርባ ላይ ዛፉን እንደገና ሣሉት። ቅርንጫፎቹ አሥራ ስድስት ነበሩ። ካርዱን ለወንድማቸው ሰጥተው፣ «አብተውዬ፣ ይሄን እንኳ አታቃጥለው» አሉት። እስከዚያች ቀን ማቃጠሉን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። እርሳቸው ግን ያውቁ ኖረዋል፤ እያወቁም ምሳ ሊበሉ ይመጡ ነበር።

በዚህ ወረቀት ጀርባ በስቴንስል የተባዛው ሥዕል ያ ነው። ለቀስተኞች ሁሉ ይዛችሁት እንድትሄዱ ወንድማቸው ይለምናል።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከእናታቸው ጋር ያገናኝልን፤ እዚህ ብቻቸውን የኖሩትን እዚያ ብቻቸውን አያኑራቸው።