ትንኝ በጀት እስኪጸድቅ አትጠብቅም

ለሳይንስ ምርምር ድጋፍ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ዳይሬክተር

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ የትንኝ ማርቢያ ክፍሉ ቁልፍ ዛሬውኑ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች በተቋሙ ቤተ ሙከራ የወባ ትንኝ የማረባ ተመራማሪ ነኝ። የእኛዎቹ ትንኞች ወባ የለባቸውም፤ ከክፍሉም ወጥተው አያውቁም። የውጪዎቹ የአጎበሩን መድኃኒት ለምደውታል፤ ያልለመደው ዘር የቀረው በእኛ እጅ ብቻ ነው። አዲስ አጎበር ሲመጣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚፈተነው በእነሱ ነው። ታናሽ ወንድሜን ለቀብር ያወጣነው ሳይፈተን ከታደለ አጎበር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሥራው እናንተ እንደጻፋችሁት «ቅድሚያ የማይሰጠው ዘርፍ» አይደለም።

1. ጽሕፈት ቤትዎ ድጋፉን አቋርጦ «እርባታው እስከ ቀጣዩ በጀት ባለበት ይቆይ» ሲል ጻፈልን። ይህን የጻፈው ሰው ትንኝ አይቶ ያውቃል? እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል፤ ቀጠሮ አታውቅም። ደም ይሰጡ የነበሩት ጥንቸሎች መኖ ሲቆም ተሸጡ። ያኔ የራሴን ክንድ ወደ ሳጥኑ አስገባሁ። እናቴ «ሰው ትንኝ ያባርራል፣ የእኔ ልጅ ታጠባለች» ብላ ሳቀችብኝ፤ ክንዴን ገልጣ ስታየው ግን ቅቤ አምጥታ ቀባችኝ።

2. ይህንኑ የሳይንስ ጸሐፊዎች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከክንዴ ፎቶ ጋር ጻፍኩ። ሰው አነበበው፣ ተቀባበለው፣ «የትንኝ እናት» የሚል ስምም አወጣልኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን መኖ በመላክ ፈንታ «የተቋሙን ገጽታ አበላሽታለች» ብሎ ቁልፌን አስነጠቀኝ። አዲስ ምንጣፍ ባነጠፋችሁበት አዳራሽ ሰብስባችሁ «ሳይንስን ለሕዝብ ጻፉ» ያላችሁን እናንተው ናችሁ! በጀት የለም አትበሉኝ፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

3. ጥበቃው «እህቴ፣ እኔም ታዝዤ ነው» እያለ በበሩ መስታወት እንዳይ ይፈቅድልኛል። ትናንት ከሚበሩት ይልቅ ሳጥኑ ወለል ላይ የወደቁት በዝተው አየሁ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ዘሩ ካለቀ በኋላ የሚደርሰኝ መልስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጽሑፌን ከገጹ አላነሳም። ቅጣት ካለብኝም በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ገንዘብም፣ ጥንቸልም፣ መኖም አልጠየቅኩም። በሩ ይከፈትልኝ፤ ደሙ ከእኔ ነው።

ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ተመራማሪዋ፣ «የትንኝ እናት»

ግልባጭ፦
ለተቋሙ ጥበቃ ክፍል
ለገጹ አንባቢዎች በሙሉ