ዋናው ነው ያልኳት ቦርሳ

ጥቅምት 4
አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን ሊያሠራ ወደ ሰዓት መጠገኛዬ መጣ። ፎርጅድ ነው። "አባባ፣ ባትሪ ብቻ እኮ ነው የሚቀይሩልኝ" አለኝ። "የሰው ላብ ተሰርቆ የተሠራ ዕቃ በእጄ አልነካም" ብዬ መለስኩት። እየሳቀብኝ ሄደ። ይሳቅ።

ማታ ከቦርሳ ሱቁ ፊት ቆምኩ። ሚስቴ ባለፈች ቁጥር እርምጃዋን የምትገታላት ጥቁር ቦርሳ... ዋጋዋን ጠይቄ ወጣሁ።

ጥቅምት 6
ገዛሁ። ከሱቁ ሳይሆን መንገድ ዳር ከዘረጋው ሰውዬ። "አባባ፣ ከዋናው የሚለየው በዋጋ ብቻ ነው።" ሌባ! ግን አስጠቀለልኩት። እኔስ ታዲያ ምን ልባል?

"ዋናው ነው?" አለች ሚስቴ።
"ዋናው ነው።"
አገላብጣ እንኳ አላየችውም።

ጥቅምት 19
የሚስቴ ታናሽ እህት መጥታ ነበር። በሚስቴ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ቀለም አየች። "እቴዬ፣ ቦርሳሽ ለቀቀ እኮ! ፎርጅድ ነው። ጋሼን ሸውደዋቸዋል!" ብላ ሳቀች።
"እሱ? እሱ አይሸወድም፤ አንገቱ ቢቀላም አይዋሽም" አለች ሚስቴ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ጮኽኩ። "በገዛ ቤቴ ውሸታም ልትይኝ ነው የመጣሽው?" አላለችኝም እኮ... ተሸወዱ ነው ያለችው። በሩን ከፍቼ አስወጣኋት።

ጥቅምት 27
እህቷ ስትደውል ሚስቴ አታነሳም። "ባሌን ደፍራ..." ትላለች። ለእኔ ብላ።

ኅዳር 3
የቦርሳው ማንገቻ የሚያርፍበት ክንዷ ቀልቶ ያሳክካታል። ሳሙና ለወጠች። ቦርሳውን አልለወጠችም።

ኅዳር 5
"በቅርቡ የያዙት አዲስ ነገር አለ?" አላት ሐኪሙ።
"ቦርሳ አለኝ። እሱ ግን ዋናው ነው" አለችው፣ ወደ እኔ እያየች።
ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ እውነቱን ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። "እህቴን..." አለች ብቻ። ጥላኝ ወደ ቤት ሄደች።

ኅዳር 6
እህቷ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም። እንደምንም አወጣሁት።
"የእኔስ ይሁን ጋሼ። እሷ ግን ምን አደረገችዎት?"


ኅዳር 15
ክንዷ እየዳነ ነው። እህቷ መጥታ ሲሳሳቁ ዋሉ። ለእኔም ሻይ ቀዱልኝ። ሊወጡ ሲሉ ሚስቴን "ውጭ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ያዢ" አልኳት።

ተነስታ መጋረጃውን ገልጣ አየች።