አባባ የመረጣት መኪና

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

እማዬን ሐኪም ቤት የምታመላልስልን መኪና ገዛን። በያዝናት ገንዘብ አዲስ የማይታሰብ ስለሆነ፣ አባባን ይዤ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ሄድኩ። መቼም ታውቀዋለህ፣ በቀለም አይሸወድም። እንደ ልማዱ ሞተር እያስነሳ ጆሮውን ጣል ሲያደርግ፣ ስንቱን "ይሄ የተጋጨ ነው" እያለ ሲያልፍ፣ ደላላው ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ሰማያዊ መኪና ወደደ። ዝገት ለማየት ምንጣፏን ሲገልጠው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ወለሏ በወተት ጣሳ ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ የላሟ ሥዕል እንኳ አልጠፋም! ቀለሟን ቀየሩት እንጂ፣ ያቺው ድሮ የሸጥናት መኪናችን ናት። አንተ የእጅ ባትሪ እያበራህለት የጠገናት እሱ ራሱ ነው።

"አባባ፣ አወቅካት አይደል?" አልኩት እየሳቅሁ።

"የት አውቃታለሁ?" አለና ቆርቆሮውን በጣቱ ዳሰሰው። "ግን የጠገናት ሰው እጁ ይባረክ። ጥንቁቅ ሰው ነው።"

ደላላው ሳቀ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

መኪናዋ ደህና ናት፤ መካኒክም አይቷታል። አባባም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ብቻ ስትደውል እንደ ድሮው "ማን ነኝ?" እያልክ አትቀልድበት። አስቀድመህ ስምህን ንገረው።

ሰላምህን ያብዛልኝ።

ታናሽ እህትህ